ሙቀቱ እግር ላይ የቀረው ሚኒባስ

መካነ ሰላም ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ዳሽቦርድ ሥር የወደቀች አንዲት ብሎን መፈለግ ነበር። እስከ ምሳ ተደፍቼ ፈለግኩ። አለቃዬ ጋሽ መሐመድ «አገኘሃት?» አሉኝ። አላገኘኋትም። «እንግዲያው ምሳም የለ» ብለውኝ ሄዱ። የዳሽቦርድ ሥራ የጠላሁት ያን ዕለት ነው።

ከዳሽቦርድም የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ያንገበግበኛል። የማያውቅ ሰው ቅንጦት ይመስለዋል። እኛ አገር ጠዋት ሚኒባስ ሲሞላ የሰዉ ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል፤ የሚያጠራው ትኩስ ንፋስ ነው። መስኮት እንዳይከፈት ደግሞ «ብርድ ልታስመታን ነው ወይ!» ይባላል። በዚህ ጉዳይ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው።

ይማም የሚባል የደሴ መስመር ሹፌር አንድ ቀን መጣ። የማሞቂያው ማዞሪያዎች በባዶ ይሽከረከራሉ። ያገለገለ መቆጣጠሪያ ከደሴ ገዝቶ ይዟል። ሬዲዮኑን አወጣሁ፣ ማዞሪያዎቹን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ገመዶቹን ወደ አዲሱ አዛወርኩ። አንዷ የሞተሩን ፍል ውሃ ወደ ማሞቂያው ትከፍታለች፤ ሌላዋ ንፋሱን ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት የምትመራውን ክዳን ትስባለች። ይማም ደግሞ አናቴ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ አልደረሰም? ጋሼ፣ ይፍጠኑልኝ እንጂ» ይላል። እጄን እግር ሥር ሰደድኩ፤ ይፋጃል። «ሠርቷል፣ በቃ ሂድልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከነተሳፋሪው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ገደሉ አፋፍ ላይ መስታወቱ ታፈነብኝ። እግሬ ተቃጠለ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።»

«መስኮት አትከፍትም ነበር?»

«አንገቴን በመስኮት ሳወጣ ዝጋው ብለው ጮኹብኝ፤ ቀስ ብዬ ዞሬ መጣሁ።»

ዳሽቦርዱን እንደገና ፈታሁ። የክዳኗን ገመድ በመያዣዋ ሳላስይዝ ነው የዘጋሁት። ማዞሪያው ሲዞር ገመዷ ትንሸራተታለች፣ ክዳኗ ንቅንቅ አትልም። በራሴ ተናደድኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ይሳሳታል? ይሳሳታል።

አስይዤ ስጨርስ ተሳፋሪዎቹን «ግቡና መስኮት ዝጉ» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ነጣ፤ ፊት ለፊታችን ያለው የጋራዡ ግንብ ጠፋ።

መስኮት ዝጋ ብለው ከጮኹት አንዷ፣ ነጠላ የተከናነቡ እናት፣ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ልጄ፣ ገደሉ ጋ እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር፣ እናቴ» አለ ይማም።

 እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው መስኮታቸውን ገርበብ አደረጉ።

«ኧረ ይዝጉልኝ፣ ገና አልፈተንኩም!» አልኩ። በዕድሜዬ ተሳፋሪ መስኮት እንዲዘጋ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማዞሪያውን ወደ መስታወት አዞርኩ። ግንቡ ከታች ጀምሮ ቀስ በቀስ ታየ።

ማሞቂያ ስትቀይሩ እግራችሁ ሞቀ ብላችሁ አትዝጉት። ሰው አስገቡ፣ መስኮት አስዘጉ፣ መስታወቱ ሲጠራ በዓይናችሁ እዩ።