የከንቲባዋ ባል ምላጭ

ሚስቱ ከንቲባ ሆና ከተመረጠች ወዲህ ፀጉር ቆራጩ ሰው ማመን ትቷል። ምን ያድርግ! ድሮ «ባለ መቀሱ» ነበር፤ አሁን ሰፈሩ «የከንቲባዋ ባል» ይለዋል። ጋዜጣ እያገላበጠ ደንበኛ ሲጠብቅባት የነበረችው ጠባብ ቤት ዛሬ በሯ ሲከፈት ሰልፍ ነው። አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር የሌለችው ኮንትራክተር ሳይቀር በየሳምንቱ «አስተካክለኝ» እያለ ይመጣል። ምኑ ነው የሚስተካከለው? ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል፣ «ሹመት ያዳብር ጋሼ! ክብርት ከንቲባ እንዴት ናቸው? እጅዎ እኮ ቅቤ ነው!» ይላል። ከዚያ የመንገዱ ሥራ፣ ከዚያ ጨረታው ይከተላል።

ሚስቱም አስጠንቅቃዋለች። «ስማ፣ በአንተ ጆሮ ገብቶ እኔ ቢሮ የሚደርስ ጉዳይ ካለ ሁለታችንም አለቀልን» ብላዋለች። እሱም ያንን እያሰበ፣ ሰው በላጨ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ዐይን ዐይኑን ያየዋል። ይሄኛው ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አብሮ አደጉን ጡረተኛውን ሹፌር እንኳ በጎሪጥ ማየት ጀመረ።

ሹፌሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ፂሙን ይላጫል፤ ቀልድ እንጂ ጉዳይ ይዞ መጥቶ አያውቅም። የዚያን ቅዳሜ ግን ቀልዱንም ተወው። ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ውስጥ እንዳለ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ሰው በሌለበት ቢሆን ይሻላል።»

ፀጉር ቆራጩ ደሙ ፈላ። «አንተም ጀመርክ? ጉዳይ ካለህ እንደማንም ሰው ቢሮዋ ሄደህ ተሰለፍ! እኔ የማንም ተላላኪ አይደለሁም!»

ወረፋ የሚጠብቁት ወደ መሬት አቀረቀሩ። ኮንትራክተሩ ብቻ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ሹፌሩ ፎጣውን ካንገቱ ፈቶ በግማሽ ፂም ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ልልህ ነበር። ስንቴ እንደቆረጥከኝ ታውቃለህ? ሐኪም ይይህ። እነዚህ አይነግሩህም፤ ሚስትህን ይፈራሉ።»

ይህን ብሎ ወጣ። ሰበብ ነው፣ አለ ፀጉር ቆራጩ በልቡ፤ ሲነቃበት የፈጠረው ሰበብ ነው። ግን ነገሩ ከነከነው። ኮንትራክተሩን አስቀምጦ ምላጩን ጆሮው ሥር አሳረፈ፤ ሁለት ሦስቴም ሳብ ሳብ አደረገ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ ጋሼ! ቅቤ ነው እንጂ!» አለ ኮንትራክተሩ። በመስታወቱ ውስጥ ግን፣ ማንም እንዳያየው እየተጠነቀቀ፣ የሚደማ ጆሮውን በጥጥ ሲሸፍን ታየ።