ወፍጮው ዝም ያለ ለት

ዛሬም መንገድ ዳር የወፍጮ ሞተር «ኩክ! ኩክ!» ሲል ከሰማሁ፣ የትኩስ ዱቄትና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ይሞላውና፣ ሳላስበው መጮህ እጀምራለሁ። አይፈረድብኝም፤ ያደግሁት ቡሬ፣ ከአባቴ ወፍጮ ጋር ግድግዳ በተጋራ ቤት ውስጥ ነው። የእኛ ሹክሹክታ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይሰማ ነበር። እናቴ «ጨው አቀብይኝ!» ስትለኝ ጎረቤቶቻችን ጨው ይዘው ይመጡ ነበር።

በበጋ፣ አዝመራው ተወቅቶ ሲገባ፣ የገጠሩ ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ከጎህ ጀምሮ ይሰለፍና፣ አባቴ እስከ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ፣ የመቶ ዓመት ሽማግሌ መስሎ ሲፈጭ ይውል ነበር። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ብሎ ሲጀምር «ኧረ አያ ደምሴ፣ የእኔን አስቀድሙልኝ!» የሚል ድምፅ ከመሀል ያቋርጠዋል፤ ማታ ካቆመበት ልቀጥል ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል። እኛ ብንስቅበትም እሱን ግን ያንገበግበው ነበር። «እግዜርን ዕድሜ ልኬን ስጠራው፣ አንድ ቀን እንኳ ጸጥ ብዬ ፊቱ አልቆምሁም» ይል ነበር።

ክረምቱ ገፍቶ ፍልሰታ ሲገባ፣ ሱባኤ መግባት አምሮት የንስሐ አባቱን መምሬን አማከራቸው። «ወፍጮውን ለማን ትተህ?» አሉት። «የቅዳሴው ደወል ሲደወል ሞተርህን አጥፋና ቆመህ ጸልይ። ሱባኤህ እሱ ነው።»

እናቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አንቱ፣ ያ ሞተር ከጠፋ መች ይነሣል! ሰዉ ወደ ታችኛው ወፍጮ ቢሄድብን ጦሙ ለእኛ እስከ ፋሲካ መዝለቁ ነው!» እውነቷን ነበር፤ ያንን ሞተር ለማስነሣት ጎረምሶች መዘውሩን እየተቀባበሉ የሚያፈሱት ላብ ዓባይን ያስሞላ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ ጆሮውን አቁሞ ሲፈጭ ዋለ። አመሻሹ ላይ መምሬ በጭቃው እየዳከሩ መጡ።

«ደምሴ! ደወሉ እኮ አገሩን አናወጠው!»

«አባ፣ ምንም አልሰማሁም።»

መምሬ ሞተሩን አዩት፤ አባቴን አዩት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ።

በማግስቱ፣ ደወሉ ገና ሳይደወል፣ አባቴ ተነሥቶ ሞተሩን ድርግም አደረገው። ከፊት የተሰለፉት እመት የሻረግ ምላሰኛ ባልቴት ነበሩ።

«ምነው ደምሴ፣ ሞተብህ እንዴ?»

«አልሞተም፣ እመት የሻረግ። ደወል እየጠበቅሁ ነው።»

«ሲደወል አትዘጋም?»

«ሞተሩ እየጮኸ ደወሉን በምን ልስማው?»

እመት የሻረግ ስልቻቸውን አውርደው ተቀመጡበት። ሰልፉም ጸጥ አለ። ዝናብ ቆርቆሯችን ላይ ድምፅ እንዳለው ያኔ ገና ሰማሁ። እናቴ ልትጮህ ከጓዳ ወጥታ፣ በሩ ላይ ቆመች። ያኔ ደወሉ፣ ከዝናቡ ማዶ ቀስ እያለ፣ ወፍጮ ቤታችን ገባ። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ምሥራቅ ዞረና አቡነ ዘበሰማያትን ከመነሻው እስከ አሜን አደረሰ። ወደ እኛ ሲዞር ፊቱን ባለበሰው ዱቄት ላይ ሁለት የዕንባ ቦዮች ወርደው ነበር።

ሞተሩማ እንደተፈራው አልነሣ አለ። ግን ወደ ታችኛው ወፍጮ የሄደ አልነበረም፤ መዘውሩን ቀድመው የያዙትም እመት የሻረግ ነበሩ። ፍልሰታ አልፎ መስከረም ሲጠባም ልማዱ ቀጠለ፤ እህል ሳይዝ ለዚያች ጸጥታ ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር ብል የቡሬ ሰው አይከሰኝም።

ዛሬ ወፍጮ የለኝም፤ ስልክ ግን አለኝ፤ ጩኸቱ ከዚያ ሞተር ይብሳል፤ ያኛው ቢያንስ ዱቄት ይሰጥ ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይሰማም። ቢሆንም እኩለ ቀን ሲሆን ስልኬን አጠፋና በሬን ዘግቼ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከመነሻው እጀምራለሁ፤ አሜንም ላይ እደርሳለሁ።