ከክኒኑ በፊት የሚቀዳ ደም

አንዱ ኩላሊቴ ያለው ቢቸና፣ አባቴ ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ሞጣ አስተምራለሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ሁለቱም ኩላሊታቸው ሲደክም አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ የራሴን ሰጠኋቸው። የአገሩ ሰው «አባቷን ወለደች» አለኝ። ትንሽ ተኩራርቻለሁ፣ አልዋሽም።

የሰው ኩላሊት በሰው ሆድ እንግዳ ነው። ሰውነት እንዳያባርረው ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ክኒን ይዋጣል። ክኒኑ ካነሰ ሰውነት በኩላሊቱ ላይ ይነሣል፤ ከበዛ ደግሞ ክኒኑ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ስለዚህ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ባሕር ዳር አድረን ጠዋት ደማቸው ይቀዳል፤ የመድኃኒቱ መጠንም ይለካል። ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ክኒን ሳይዋጥ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ይህን ስትነግረን አባቴ «እንደ ቁርባን ነዋ፣ በባዶ ሆድ!» ብለው ደስ አላቸው።

በየቀኑ ክፍል ከመግባቴ በፊት እደውልላቸዋለሁ።

«አባባ፣ ዋጡ?»

«ውጫለሁ ልጄ። በይ ደኅና ዋይ።»

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ መካከል በተቀዳው ደም መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘና ሐኪሟ ክኒኑን ቀነሰች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ በዛ ማለት እየዋጡ ነው ማለት ነዋ! በሚቀጥለው ወርም በዛ፤ አሁንም ቀነሰች። ከፋሲካ በኋላ ግን የአባቴ እግር አበጠ። ኩላሊቱ መድከሙን የሚናገረው ክሬቲኒን የሚሉት ቁጥርም ወደ ላይ ወጣ።

እንደገና ሄደን ደማቸው ከተቀዳ በኋላ ሐኪሟ የቀድሞዎቹን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ አየች። መድኃኒቱ በደማቸው ሞልቶ ሳለ ኩላሊቱ ለምን እንደሚደክም አልገባትም።

«አባ፣» አለች፣ «ዛሬ ጠዋት ክኒኑን ውጠዋል?»

አባቴ የእጅ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ውጫለሁ።»

«ባለፉት ጊዜያትስ?»

«ያን ጊዜም። ታዲያ ባዶ ደም ይዤ እናንተ ፊት እንዴት ልቁም?»

ቀስ በቀስ ሁሉም ወጣ። በጾሙ ቀዳሽ ነበሩ። ቀዳሽ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃም አይቀምስ፣ ክኒንም አይውጥ። ቅዳሴው የሚያበቃው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከማታው ጋር እንዳይቀራረብ ብለው የጠዋቱን ክኒን ጨርሰው ይተዉት ነበር። ደም የሚቀዱ ዕለት ግን እንዳያፍሩ ሊነጋጋ ሲል ይውጡታል። ምርመራውን እንደ ፈተና ቆጥረውት ነበር። ሐኪሟ ያየችው ያን አንድ ክኒን ነው፤ እሱን አይታ ከጎደለው ላይ ቀነሰች።

ተናደድኩ። ስንቱን ሕመምተኛ «አንተ አትጹም፣ እግዚአብሔር ያውቅልሃል» ብለው ያሰናበቱ ሰው ናቸው እኮ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ስንቱን ያናዘዙ! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያበጠ እግራቸው ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ ማሰሪያው ተፈቶ አየሁትና ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን ሰበሰብኩት። እኔስ ብሆን በስልክ «ዋጡ?» ከማለት በቀር ምን አደረግኩ? አንድ ቅዳሜ እንኳ ሄጄ አጠገባቸው አልተቀመጥኩም።

ሐኪሟ መጠኑን መለሰች፤ አዲስ አበባ ተኝተው ጠንካራ መርፌ እንዲወስዱም ጻፈች። «የቀረውን ለማዳን እንሞክራለን» አለች። የሄደው ይመለሳል አላለችም።

በመልሱ ጉዞ አውቶቡሱ ሞጣ ደረሰ። እኔ ልወርድ፣ እሳቸው ወደ ቢቸና ሊቀጥሉ ነው፤ ልብሳቸውን ያዘጋጃሉ፤ አዲስ አበባ የምንሄደው ከነገ ወዲያ ነው። ቦርሳዬን ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ አባባ» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ከልቤ ይቅር አልኳቸው። ግን ይቅርታዬ ከዚያ ቁጥር ላይ አንዲት ነጥብ አይቀንስም፤ የምሰጣቸው ሌላ ኩላሊትም የለኝም።