ለጸሎቱ ያጨስኩት ሲጋራ

መጀመሪያ የከዳኝ የግራ እጄ አውራ ጣት ነው። ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የወታደር ሸሚዝ ኮሌታ እሰፋ ነበር። ጨርቁን ወደ መርፌው የሚገፋው ጣቴ በራሱ ጊዜ ዘለለ። ቆየና ደግሞ ዘለለ። የማሽኑን ፔዳል ለቅቄ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና አየሁት፤ የእኔ እጅ አይመስልም። ኮሌታው ጠሞ ስለተሰፋ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ድካም አልነበረም። ክኒን ካቆምኩ ጥቂት ቀን ሆኖኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከቤት ተወስዶ ከቀረ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፍቶ፣ ክሊኒክ ሄጄ ዲያዜፓም ታዘዘልኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው የተባልኩት። እኔ ግን ዓመታት ዋጥኩት፤ መጠኑንም ማንንም ሳልጠይቅ ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ "የለም" አለኝ። በዚያ ዘመን የማይጠፋ ዕቃ አልነበረም። ስኳር ይጠፋል፣ ሳሙና ይጠፋል፣ መድኃኒትም ይጠፋል። እንደ ስኳሩ እስኪመጣ እጠብቃለሁ አልኩ። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ የእኔ ሰውነት ግን ያለ ክኒኑ መኖር ረስቶ ነበር።

ላብ መጣ። ከዚያ ድምፅ። የመቀስ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ቆዳዬ ሥር ጉንዳን ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደቅሁ። የሆነውን አላውቅም። ምላሴን ነክሼ፣ ሱሪዬን አርጥቤ አነሱኝ።

ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ሸምገል ያለ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። "የጣለህ ኮንቨልሽን የሚባል መንዘፍዘፍ ነው" አለኝ። "ዲያዜፓም በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ እንዲህ ይሆናል፤ ዊዝድሮዋል ይባላል። ሰው ይገድላል። መልሰህ ትጀምርና ቀስ እያልን እንቀንሳለን።" ክኒኑን በምላጭ እንዴት እንደምከፍል አሳየኝ። ሙሉ የነበረው ሦስት ሩብ ይሆናል፣ ሰውነት ሲለምደው ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ። በየመሐሉ ወራት አሉ። በየመሐሉ ያለውን ጭንቀት በምን እንደማሳልፍ ግን አልነገረኝም።

እሱን የነገረኝ ጀማል ነው። ጀማል ፋብሪካው ውስጥ ካውያ የሚመታ፣ ሲበዛ ቅን ሰው ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ "ማቴ፣ አንዷን ሳብ አድርጋት፤ ታረጋጋሃለች" አለኝና ፊልተር የሌለው ሲጋራውን ዘረጋልኝ። እውነቱን ነው፤ መጀመሪያ ታረጋጋለች። ቆይቶ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል። እኔም "ክኒኑ ስለቀነሰ ነው" እልና ሌላ እለኩሳለሁ። እናንተም ከክኒን እየወጣችሁ ሲጋራ ከያዛችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚያንቀጠቅጣችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ እስኪያቅታችሁ ድረስ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

አሁን ስለ ቤቴ ልናገር። ባለቤቴ አስቴርና እኔ ከሆሳዕና መጥተን ላፍቶ የተቀመጥን ጴንጤዎች ነን። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ታሽጎ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አማኞች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ገበያ የሚሄዱ እንዲመስሉ ዘንቢል ይዘው፣ ተራርቀው ይገባሉ፣ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ከተያዙ ወንድሜ የሄደበት ይሄዳሉ፤ ይህን ማንም ለእኔ ማስረዳት አያስፈልገውም። በእኛ ዘንድ ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ጌታን ከመካድ ብዙም አይተናነስም ነበር። አስቴር ፓኮውን ከኮቴ ኪስ ውስጥ ስታገኘው ሽንት ቤት ጨመረችው። ጸሎቱን የሚመራው ወንድም ጳውሎስ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነና "አንተ የሲጋራ መንፈስ፣ ውጣ!" አለ። መንፈሱ አልወጣም። የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሽታው ጸሎቱን ይረብሻል ተብሎ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ እሑድ እንደዚያ ተቀምጬ ሳጨስ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጓድ ንጉሤ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢ ገባ።

"ጓድ ማቴዎስ፣ ከዚህ ቤት መዝሙር ይሰማል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

እጄ ተንቀጠቀጠ። የፍርሃት ይሁን የክኒኑ አላውቅም። አመዱ ሱሪዬ ላይ ረገፈ። እሱ እጄን አየ፣ ከዚያ ሲጋራውን አየና ሳቁን ለቀቀው።

"አንተማ ታጨሳለህ! ጴንጤ ደግሞ ሲጋራ ያጨሳል እንዴ? ሰውን ዝም ብለው ነው የሚያሙት። እስቲ አንዷን ወዲህ በላት።"

ሰጠሁት። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስለ ጫማው መጥበብ እያማረረ እስከ መጨረሻው አጨሰ። ጓዳ ውስጥ ያሉት ሰዎች ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ጨረሰ፣ ረገጠው፣ ሄደ።

በቀጠሮዬ ሐኪሙ ዘንድ ስቀርብ ከሩቅ ሸተትኩት መሰለኝ። "ኒኮቲን አነቃቂ ነው" አለኝ። "እኔ የምሰጥህ ያስተኛል፤ አንተ የምትጨምርበት ይቀሰቅሳል። እንቅልፍ ካላገኘህ መጠኑን መቀነስ አልችልም። ካልቀነስኩ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ክኒን ዋጭ ትሆናለህ። ሲጋራውን ተው።"

ተውኩት። የሕይወቴ ጥሩ ጊዜ የቱ ነው ብትሉኝ ያንን ጊዜ እጠቅሳለሁ፤ ከሥራ ስመለስ አስቴር ኪሴን ቆሎ ትሞላልኝና ያኔ ገና ማሳ ወደነበረው ለቡ አብረን እየሄድን፣ ሲጋራ ባማረኝ ቁጥር ቆሎውን እየቆረጠምኩ፣ ጤፉ መሐል የሚሄደውን ነፋስ እያየን እናመሻለን፣ ደክሞኝ እመለሳለሁ፣ እተኛለሁም። ጣቴ መዝለሉን ተወ። ኮሌታዬ ቀጥ አለ። ክኒኑም ሩብ ላይ ደረሰልኝ፤ ምላጩን በወረቀት ጠቅልዬ ልጥለው ነው ብዬ ለአስቴር ነግሬያት ነበር።

ያኔ ነው አንድ እሑድ ጸሎት ሳይጀመር ወንድም ጳውሎስ የጠራኝ።

"ወንድም ማቴዎስ፣ ባለፈው ጌታ በሲጋራህ ጠበቀን።"

"ታዲያ?"

"እሑድ እሑድ ብቻ። በረንዳው ላይ ሆነህ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ።"

"መንፈስ ነው አላልክም እንዴ?"

ወደ ጓዳው በር ጠቆመኝ። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሕፃን ያዘለች ነበረች፣ ገና ያመነች ወጣት ነበረች። "ጥቆማው አልቆመም" አለኝ። "ተመልሰው ይመጣሉ።"

አስቴርን አየኋት። እምቢ ትልልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ስትመለስ ከነጠላዋ ሥር አዲስ ፓኮ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ፊቴን አላየችም።

ለኮስኩት።

ኒኮቲን እሑድን ከሰኞ አይለይም። ሰኞ አማረኝ፣ ማክሰኞ ገዛሁ። እንቅልፌ ሸሸ። ሩቡ ክኒን ወደ ግማሽ ተመለሰ፣ ግማሹ ወደ ሙሉ። ሐኪሙ "ምን ነካህ?" አለኝ። ምን ልበለው? ለምን እንደማጨስ ከተናገርኩ ጓዳዬ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ግድግዳው ጆሮ ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ? ዝም አልኩ። ለራሱ ደንታ የሌለው ሰው አድርጎ አየኝ። "መዳን ካልፈለግህ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው" አለ። ያን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል፤ መዳንማ ፈልጌ ነበር።

ጓድ ንጉሤ እየተመላለሰ አጨሰ። ከቤቴ አንድም ሰው አልተያዘም። ይህን ስናገር ኮርቼም ተቆጥቼም ነው።

ከክኒኑ በመጨረሻ ወጣሁ፤ ከሚገባው በላይ ዓመታት ፈጀብኝ እንጂ ወጣሁ። ሲጋራው ግን አብሮኝ ቀረ። መንግሥት ተለወጠ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በቆርቆሮ አዳራሽ ተከፈተ። የመጀመሪያው የጌታ እራት ዕለት ወንድም ጳውሎስ ቆሞ "ሲጋራና መጠጥ ያልተዋችሁ እንዳትቀርቡ" አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ዓይኔ ላይ አላረፈም። ያቺ ነፍሰ ጡር የነበረችው ሴት ከልጇ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጧል፤ አንድ ሰው እንኳ ዞር አላለም። ተነስቼ ልጮህ ነበር። የኅብስቱ ሳህን መጣና አለፈኝ። አስቴር ጋ ደረሰ። ሳትወስድ አሳለፈችው። አጠገቧ ያለችው ሴት ያላየችው መስሏት በክርኗ ነካ አደረገቻት።

"አይቼዋለሁ" አለቻት አስቴር።

እኔ እስክተው ድረስ ከዚያ ሳህን አልወሰደችም። አንድ ጊዜም አልጨቀጨቀችኝም። የተውኩት በወንድም ጳውሎስ ስብከት አይደለም፤ እሷ ባሳለፈችው ሳህን ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጀምሮ ጥዋት ጥዋት ያስለኝ ስለነበር ለሳሉ ስሄድ ያንን ሐኪም አገኘሁትና እውነቱን ነገርኩት። "ብትነግረኝ ኖሮ" አለ፣ "ከእሑዱ ጋር አስማምቼ እቀንስልህ ነበር።" መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ይቅርታ አድርግልኝ።" ያን ጊዜ ስላሳየኝ የምላጭ አከፋፈልም፣ ስለዚህ ቃሉም አመሰግነዋለሁ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ክኒኑን በአንድ ጊዜ አትጣሉት፤ ሐኪም ይዛችሁ ቀስ በሉ። ሲጋራ ያረጋጋል ያላችሁ ወዳጅ ቢሆንም አትስሙት። ለማጨስ የሚያስገድዳችሁ ነገር ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ በእኔ ዘመን አይነገርም ነበር፣ ዛሬ ግን ይነገራል። ቆሎ ያዙ፣ በእግር ሂዱ።

የተውኩ ጊዜ ሳህኑን ይዞ የመጣው ራሱ ወንድም ጳውሎስ ነበር፤ አርጅቷል። ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነጻ ወጣህ" አለኝ።

"እናንተ በሲጋራዬ ቀደማችሁኝ" አልኩት።

ሳህኑን ዝቅ አድርጎ ያዘልኝ። ኅብስቱን ወሰድኩ። አስቴር መውሰዴን አይታ፣ ከእኔ በኋላ እጇን ዘረጋች።