ኮፈኑ ላይ የቀረው የሙሽራ ስም

ደርቤ ያን ሰኞ ረፋድ በወንዙ በኩል የወረደው መንገዱ አቋራጭ ስለሆነ እንጂ ሰው አገኛለሁ ብሎ አልነበረም። ከድልድዩ ሥር ያ የታወቀ የፊታውራሪ ጥቁር ፔዦ ቆሟል። ሾፌሩ ቢያዝን ከሞተሩ በላይ ባለው ክዳን፣ በኮፈኑ ላይ ተደፍቶ አንዳች ነገር በጥፍሩ ይፍቃል።

«ጋሼ ቢያዝን! ሠርጉ አለቀ እኮ፤ አሁንም ሙሽራ ያጥባሉ?»

ቢያዝን ቀና አላለም። «ና እስቲ ሐኪሙ፣ የእጅህን ሥራ አንብበው።»

ደርቤ በጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ ሰፈሩ ግን ሐኪም ይለዋል። ቀረብ ብሎ ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሐሙስ ዕለት ጓደኛው ውበቱ ሲያገባ ከሚዜዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ገዝቶ ባመጣው የቁስል ፕላስተር ሪባኑን በሮቹ ላይ ለጠፈ፤ በተረፈው ደግሞ ኮፈኑ ላይ የሙሽራዪቱን ስም፣ «የኔዓለም» ብሎ ጻፈ። እልልታው ቀልጦ ነበር። ማታውኑ ይነሣ ሲባል ግን የሙሽራዪቱ እናት «መልስ ሳይበላ የልጄ ስም አይላጥም!» ብለው በር ላይ ቆሙ። መኪናዋም እስከ እሑድ መልስ ድረስ ፀሐይ ላይ እንደ ብቅል ተሰጥታ ከረመች። አሁን ጨርቁ ተልጦ ሙጫው ቀርቷል። አቧራ ጠጥቶ ስሙ ከማዶ ይነበባል።

«ፊታውራሪ ከመርጡለ ማርያም ማታ ገብተዋል» አለ ቢያዝን። «ዛሬ ከችሎት እንደ ወጡ ወደ አዲስ አበባ እንነሣለን። መኪናዋን ለሠርጉ ሲያውሱ ‹በአንተ አንገት› ነው ያሉኝ።»

ፊታውራሪ አካለ ወልድ ኮርቻ ላልቶ ተጫነ ብለው ሎሌ ያባረሩ ሰው ናቸው። ቢያዝን ደግሞ ቢባረር የሚመለስበት የለውም፤ የአባቱን መሬት ወንድሞቹ ተካፍለውታል። ዲማ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይዘልቅበት ወጣ፤ ከዚያ የፊታውራሪን በቅሎ ሲጭንና ሲያራግፍ ጎለመሰ። አውራ ጎዳናው ሲሠራ አፈር ጫኝ ሆኖ ገብቶ መሪ መያዝ ተማረ። ጌታው በቅሎዋን በፔዦ ሲለውጡ እሱንም አስጠርተው መለሱት። ዛሬም መኪናዋን ሲያጥብ ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ጭራዋ ነው፤ ቁልቁለት ላይ «አይዞሽ» ይላታል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ግድ የለውም።

የውበቱ አክስት እትዬ ጥላነሽ ከታች የሠርጉን ነጠላ ሲያጥቡ ነበር። አመድና ጭድ በእፍኛቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«ወዲያ በሉ! ድስት አጥቦ የማያውቅ ወንድ ምን ያውቃል? ይህ በአመድ ነው የሚለቀው።»

ቢያዝን ኮፈኑ ላይ ተዘረጋበት። «በማርያም እትዬ ጥላነሽ! ይቧጭራታል!»

«ሚስትህ ናት እንዴ እንዲህ የምታቅፋት?»

«ማንም እንዳይነካት!» ብሎ ባልዲውን አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ወረደ።

ደርቤ ግን ጥፋቱ አንገበገበው። ከመኪናዋ ኋላ የቤንዚን ጣሳ አገኘ፤ ጨርቅ ነከረና የመጨረሻዋን «ም» ፈተግ ፈተግ አደረጋት። ሙጫው ለቀቀ። ደስ ብሎት ጨርቁን ሲገለብጠው ጥቁር ሆኗል። ኮፈኑ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ፣ ሞራ እንደ ጋረደው ዓይን ደንግዛ ቀረች።

ቢያዝን ተመልሶ ጨርቁን አየ። አልጮኸም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና፣ «ጣሳውን ክደነው» አለ ቀስ ብሎ። ደርቤን ከስድብ ይልቅ ይህ አስፈራው።

«ጋሼ... እኛ ጋ ደረተ ጠጉራም በሽተኛ ሲመጣ ፕላስተሩን በደረቁ አንነቅለውም፤ ይጮሃላ። በዘይት አርሰን ነው።»

«ቀድመህ ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ዛሬ የነነዌ ጾም ገብቷል» አሉ እትዬ ጥላነሽ፤ «ዘይት የሌለበት ቤት የለም።» ሮጥ ብለው ከቤታቸው የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዘው መጡ።

ደርቤ ሊያፈስ ሲል ቢያዝን እጁን ያዘው። «መጀመሪያ የማይታይ ቦታ።» በሩን ከፍቶ ከውስጥ ጠርዙ ላይ ጠብ አደረገ፤ ቆየት ብሎ ጠረገው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ፣ ቀለሙም አልተነካም። ያኔ አሮጌ ነጠላ ቀዳደው በዘይት ነከሩና በየፊደሉ ላይ አነጠፉት።

«አትሸው! ይጠጣ» አለ ቢያዝን።

ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። ከላይ የሚወርድ መንገደኛ አስቆመው፣ «ችሎት ተነሣ?» አለው። «ሊነሣ ነው።» ቢያዝን የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ገና ነው፣ መልሶ ሸፈነው። የደርቤ ጣቶች ይቁነጠነጣሉ። ሁለተኛ ሲገልጠው ሙጫው እንደ ሊጥ ተንከባሎ መጣ።

«ቀስ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ አገላብጥ፤ የያዘው አቧራ መልሶ ይቧጭራል።»

የኔዓለም ፊደል በፊደል ጠፋች። በሳሙና አጥበው፣ አለቅልቀው፣ አደረቁት። ጥፍር የምታህለዋ ግን አለች።

«ጭቃ ረጨት አድርግባትና ሂድ፤ የመንገድ ነው ይላሉ» አሉ እትዬ ጥላነሽ።

ቢያዝን ጭቃውን አየ፣ ኮፈኑን አየ። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ደርቤም ሳይጠራ ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

ፊታውራሪ ከችሎት ወጥተው በር ላይ ቆመዋል። መኪናዋን ዞሯት፤ አሸተቱ። «ምነው፣ የጾም ወጥ ሸተተኝ?»

ቢያዝን ወርዶ ጣቱን ቦታዋ ላይ አኖረ። «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ቀለሟ ተጎድቷል። የሠርጉ ፕላስተር ሲነሣ ነው።»

ፊታውራሪ ጎንበስ አሉ። ደርቤ ከመኪናዋ ወረደ። «ጌታዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነ...»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ቀና አሉና ቢያዝንን አዩት። «እኔ ራሴ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱት በሩ እስኪከፈትላቸው ቆሙ። «አዲስ አበባ ወስደህ ታስቀባታለህ። እኔም ቆሜ አያለሁ።»

ቢያዝን በሩን ከፈተላቸው። መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲነሣ በመስኮቱ ብቅ አለና፣

«ስማ ደርቤ፣ ሌላ ጊዜ ሚዜ ስትሆን በፕላስተር ፈንታ ክር ይዘህ ና» አለው።