የሚዬዛ እሳት

ሚዬዛ ከመንደራችን በስተምሥራቅ ባለው ወደ ባሕሩ በገባ ድንጋያማ አፍንጫ ላይ የቆመውን የባሕር መብራት ግንብ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት አባቱ በላምባ ያበራው ነበር። ድሮ በዚህ ዳርቻ ሦስት መብራቶች ነበሩን። የምዕራቡን ማዕበል ጣለው። መካከለኛው ደግሞ ወደቡ ሲዘጋ ጨለመ፤ የብረት ደረጃውንም ሰው እየፈታ ወሰደው። የሚዬዛ ብቻ ቀረ።

ኋላ ከከተማ የመጡ ሰዎች በፀሐይ የሚሠራ መብራት ተከሉና፣ «ከእንግዲህ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ አንተም እረፍ» አሉት። እሱ ግን በየጠዋቱ እየወጣ ከመብራቱ ላይ የወፍ ኩሱንና የባሕሩን ጨው ይወለውል ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው መውጣቱን ተወ። ወዲያው ባትሪው ተሰረቀ።

ሚዬዛ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ወደ ካቤንላ ሄደ።

«መብራቱ እኮ ጠፍቷል! ልጆቹ በምን አይተው ይመለሱ?»

«ኧረ አንተ ሽማግሌ፣ ሁሉም ስልክ ይዟል» አለ ካቤንላ መረቡን እየጠገነ። «የአንተን ግንብ አሁን ወፍ ካልሆነ ማን ይፈልገዋል?»

መረብ የሚጎትቱት ሁሉ ሳቁ። የሚዬዛ የገዛ ልጅ ቡሌም ሳቀ። «አባባ፣ እኔን ባሕሩ ቢውጠኝ እንኳ መልሶ ይተፋኛል፤ አታስብ» አለው።

ደረቁ ንፋስ ከሰሜን አቧራውን ይዞ ሲመጣ ባሕሩ ከዓይን ጠፋ። ቡሌና ሦስት ጓደኞቹ የወጡባት ጀልባ ሳትመለስ መሸ። ሚዬዛ ግንቡን መውጣት ስላቃተው፣ ከቤቱ በታች አሸዋው ላይ የኮኮናት ልጣጭ ከምሮ አነደደ።

«ተው እንጂ! እነሱ የሚያውቁት እዚያ ማዶ ግንቡ ላይ ሲበራ ነው» አለችው ሚስቱ አፊባ።

«ከጨለማ አይሻልም?» አላት።

በጀልባዋ ያሉት እሳቱን አዩ። ግንቡ መስሏቸው እንደ ወትሮው ከመብራቱ በግራ በኩል ሊገቡ ሲሉ ጀልባዋ አለት ላይ ተሰባበረች። በሕይወት የወጣው ኤቢ የሚባለው ብቻ ነው።

«ቡሌ ‹አባቴ ወጥቶ አበራልን!› ብሎ ጮኸ» አለ ኤቢ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። «ደስ ብሎት ነበር።»

ሚዬዛን የወቀሰው የለም። ብንወቅሰው ሳይቀለው አይቀርም ነበር። አፊባ ምግቡን ፊቱ እያስቀመጠች ወዲያው ትወጣለች። በመጨረሻ ጓዟን ጠቅልላ እህቷ ዘንድ ሄደች። እሱም ዝናቡ ሳይገባ ሞተ። ከልጁ ጎን እንዳንቀብረው፣ የቡሌ አስከሬን አልተገኘም።