መኪናዋን የሚጠይቀው ሸማኔ

ኦይታ ሽመና የተማረው አባቱ ጎን፣ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ነው። በደርግ ዘመን ከጨንቻ ደጋ ወርዶ በሲቀላ ከተማ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ የጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠር፣ «እኔን ደግሞ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?» ብሎ ነበር። የዶርዜ ሸማኔ ነዋ! ለሽመና ማንን ይፈራል?

እንዲያስተምረው የተመደበው ሰው ግን ሴት ሆና ተገኘች፤ ሻሺቱ የምትባል ነባር ሠራተኛ። ኦይታ ደሙ ፈላ። በአገሩ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ይህ ተገልብጦ አያውቅም።

«እትዬ፣ የሚፈተል ጥጥ ካለ ለእርስዎ ይሁን» አላት።

ሻሺቱ ከት ብላ ሳቀችና የሽመና መኪናዋን አስነሳችለት። እሷም ከአጠገቡ አልራቀችም፣ እንጨት ቢጤ ይዛ ቆመች።

እስከ ረፋዱ ድረስ ሥራው ሰመረለት። ኩራቱ ገና ሳይበርድ የድሩ ክር ተበጠሰ። በአገሩ የሽመና ዕቃ እግር መርገጫውን ከተወ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ያኔ እጅ ገብቶ ይቋጥራል። ኦይታም እንደለመደው እግሩን አቆመና እጁን ሰደደ። በኤሌክትሪክ የምትሠራው መኪና ግን የሱን እግር መች ታውቀዋለች?

ሻሺቱ በያዘችው እንጨት እጁን ጠለዘችው። እጁን ሲሰበስብ ማግ የሚያመላልሰው መወርወሪያ ጣቶቹ በነበሩበት በኩል ሽው ብሎ አለፈ።

ሴት መታችኝ ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ መኪናዋን አጥፍታ ግራ እጇን ዘረጋችለት። ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ የሉም።

«ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው» አለችው። «ያን ቀን እጄን የሚመታልኝ ሰው አላገኘሁም።»

ኦይታ አፈረ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘው። ጣት የሌለው ሸማኔ ምን ይበላል? ሚስቱ ዓለሚቱ የፈተለችውንስ ማን ይሠራዋል?

«እግሬ እኮ ነው እትዬ፣ ከልጅነቱ የለመደው…»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! እግርህ ከፈለገ ይቁም። አንተ ግን ማጥፊያውን ተጫንና ‹ቆምሽ?› በላት። ዝም ካለችህ ያኔ እጅህን ላክ።»

ከዚያ ወዲያ ክር በተበጠሰ ቁጥር ኦይታ «ቆምሽ?» ሲል ይሰማል። የፈረቃ ጓደኞቹ መሳቂያ አደረጉት። «ኦይታ በሚስቱ ላይ መኪናዋን አገባ!» ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፣ መጠየቁን ግን አይተውም። ሥራውን ሲለምድና እጁ ሲፈጥንም አልተወም፤ እንዲያውም የሚፈራው ያኔ ነበር። ምንም የማያውቅ ሰው ይጠነቀቃል። ጣት የሚያስበላው አውቃለሁ ባይነት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በኋላ ከደጋ አዳዲስ ሸማኔዎች ሲመጡ አጠገባቸው እንጨት ይዞ የሚቆመው እሱ ሆነ። አንዱ ጎረምሳ ተመትቶ ዓይኑን ሲያፈጥበት፣ ኦይታ የራሱን የድሮ ፊት ያየ መሰለውና ሳቁ መጣ።

ለመስቀል አገሩ ሲወጣ፣ ዓለሚቱ በፈተለችው ክር ለሻሺቱ ጋቢ ጀመረ። መሐል ላይ ክር ተበጠሰ። እግሩ ቆመ፣ አፉም ሳያስበው «ቆምሽ?» አለ።

ዓለሚቱ እንዝርቷን ይዛ ቀና አለች። «ማንን ነው የምታናግረው? የሽመና ዕቃው እኮ እግርህ ከቆመ መች ይንቀሳቀሳል!»

ኦይታ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አያቸው። አሥሩም አሉ። ደስ አለው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክሩን ቋጠረ።